ትንሿ ቶርኖና የነጋዴው ድርሻ

በንግድ ዓለም ከፍ ያለ ግምት የሚሰጠው በመርከብ ተጭኖ፣ በመጋዘን ተከምሮ፣ በመዝገብ ሰፍሮ ለሚታይ ብዙ ዕቃ ነው። እፍኝ የማትሞላ ቍራጭ ብረት ከቍጥር አትገባም። ይሁን እንጂ ከትልቅ ከተማ ርቆ የተተከለ ወፍጮ ሥራውን የሚያቆመው ብዙ ጊዜ ድንጋዩ ተሰብሮ ወይም ሞተሩ ተቃጥሎ ሳይሆን፣ ዘንጉ የሚዞርባት ትንሿ የነሐስ ቦኮላ ተበልታ ስላለቀች ነው። ቦኮላዋ እስክትገኝ ድረስ ወፍጮው ይዘጋል፤ እህሏን በጀርባዋ አዝላ የመጣችው ሴት እንደ ተሸከመች ትመለሳለች፤ ባለወፍጮውም የቀን ገቢውን እያጣ ዕቃው ከከተማ እስኪመጣለት ሲጠብቅ ይሰነብታል። የጐደለችው ዕቃ ዋጋና በመጕደልዋ የደረሰው ኪሳራ በአንድ ሚዛን ላይ ቢቀመጡ ከቶ የሚገናኙ አይደሉም።

እንደዚህች ያለችውን ዕቃ ለመሥራት ፋብሪካ አያስፈልግም። በቤቱ ጓሮ ወይም በአንዲት ክፍል ውስጥ ትንሽ ቶርኖ፣ ሞርሳ፣ ትራፓኖና ጥቂት ሞረዶች ያሉት፣ ልክ መለካትንም የተማረ ሰው በአንድ ከሰዓት በኋላ ሊያወጣት ይችላል። ይህ ሰው ብዙውን ጊዜ በብረት ሥራ የሚተዳደር አይደለም። ቀኑን በመምህርነት፣ በጸሐፊነት ወይም በሾፌርነት ውሎ፣ ማታና በበዓል ቀን ለመንፈሱ ደስታ ሲል ብረት የሚያርቅ ሰው ነው። በሌሎች አገሮች እንዲህ ያለው ሠራተኛ ራሱን የቻለ ገበያ ሆኖ ከኖረ ከመቶ ዓመት በላይ ሆኖታል። በእኛ አገር ግን አስመጪውም ባለሱቁም ገና እንደ ደንበኛ አድርገው የሚያዩት ጥቂቶች ናቸው። ነገሩ ሲመረመር የቤት ብረት ሠራተኛውን ወደ ኋላ የሚያስቀረው የፍላጎት ማነስ ብቻ ሳይሆን ዕቃው የሚሸጥበት ልማድ ጭምር ነው። ልማዱን ማረም ደግሞ በነጋዴው እጅ ያለ ነገር ነው።

ይህ ሥራ በሌላ አገር እንዴት እንዳደገ መመልከት ለነጋዴ ትምህርት ይሰጣል። በእንግሊዝ አገር ፐርሲቫል ማርሻል የተባለው ሰው እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1898 ዓ.ም. «ሞዴል ኢንጂነር» የተባለውን መጽሔት መሠረተ። አንባቢዎቹ በየቤታቸው ትንንሽ የእንፋሎት ሞተሮችን፣ ሰዓቶችንና ልዩ ልዩ መሣሪያዎችን የሚሠሩ ሰዎች ነበሩ። መጽሔቱ ብልሃቱን አስተማረ፤ ብልሃት ብቻውን ግን ብረት አይሆንም። በዚያው ዘመን በኖርዛምፕተን ከተማ ባሴት ሎክ የተባለው ነጋዴ የዕቃውን ዝርዝር በካታሎግ አትሞ በፖስታ እየላከ መሸጥ ጀመረ። ስቱዋርት ተርነር የተባለው ድርጅትም ለትንሽ የእንፋሎት ሞተር የሚሆነውን የጊዛ ቅርጽ፣ ገና ሳይሞረድና ሳይበሳ፣ ከነሥዕሉ አዘጋጅቶ አቀረበ። ገዢው የሚገዛው ያለቀለትን ሞተር አልነበረም፤ ሞተር የሚሆነውን ብረትና የወራት ሥራ ነበር። ነጋዴውም ከሥዕሉ፣ ከጊዛው፣ ከብሎኑ፣ ከስለቱና ከዘይቱ እየደጋገመ አተረፈ።

ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ በኖቲንግሃም አጠገብ በምትገኘው በቢስተን ከተማ ማይፎርድ የተባለው ፋብሪካ ለቤት ሥራ የሚሆን ትንሽ ቶርኖ እየሠራ ብዙ ዘመን ቈየ፤ ፋብሪካው የተዘጋው በ2011 ነው። በኦስትሪያ የሃላይን ከተማው የኤምኮ ፋብሪካ በ1950ዎቹ ውስጥ «ዩኒማት» የተባለችውን፣ በጠረጴዛ ላይ የምትቀመጥ ትንሽ ቶርኖ አወጣ። ዛሬ ደግሞ ገበያውን ይዘው የሚገኙት በቻይና የሚሠሩት ትንንሽ ቶርኖዎች ናቸው። ከእነዚህ መካከል በብዛት የምትታወቀው ዐይነት 180 ሚሊሜትር የሚያህል ስፋት ያለውን ዕቃ ልታዞር የምትችል፣ ከ300 እስከ 350 ሚሊሜትር ርዝመት የምትቀበል፣ ክብደቷም 40 ኪሎ ግራም ግድም የሆነ መሣሪያ ናት። ቀለሟና ስሟ እንደየሻጩ ይለዋወጣል እንጂ አካሏ አንድ ነው። ሁለት ሰዎች ተሸክመው ከመኪና ሊያወርዷት ይችላሉ፤ በጽኑ ጠረጴዛ ላይም ትቀመጣለች።

የቀድሞዎቹ የእንግሊዝ ነጋዴዎች ያስተዋሉት ነገር ቀላል ነው። መሣሪያው የሚሸጠው አንድ ጊዜ ነው፤ መሣሪያው የሚበላው ብረትና የሚፈልገው ስለት ግን ለዕድሜ ልክ ይሸጣል። ቶርኖ የገዛ ሰው ከዋለ ካደረ ለስለት፣ ለመለኪያ፣ ለማንድሪኖና ለፑንታ የሚያወጣው ገንዘብ ለመሣሪያው ከከፈለው ጋራ እንደሚስተካከል፣ እንዲያውም እንደሚበልጥ በሥራው ያሉ ሰዎች ሁሉ ያውቁታል። ስለዚህ ቶርኖዋን ብቻ አምጥቶ የሚሸጥ አስመጪ መኪና ሸጦ ቤንዚን እንደማያቀርብ ሰው ነው።

የዚህ ሥራ ዋና ነገሩ ልክ ነው። ወፍጮው የቆመባትን ቦኮላ እንደ ምሳሌ እንውሰድ። ዘንጉ 20 ሚሊሜትር ቢሆን ሠራተኛው አስቀድሞ ዘንጉን በማይክሮሜትር ይለካል፤ የተበላ ዘንግ 20 ነው ተብሎ ቢነገርም 19.9 ሆኖ ሊገኝ ይችላልና። ከዚያ የነሐሱን ቍራጭ በማንድሪኖ አስነክሶ ፊቱን ያስተካክላል፤ በትንሽ ፑንታ ጀምሮ ደረጃ በደረጃ እያሰፋ መካከሉን ይበሳዋል፤ የመጨረሻውን ልክ ግን በፑንታ ሳይሆን በውስጥ መቅረጫ ስለት ያወጣል፤ ፑንታ ቀዳዳውን ሊያጣምመውና ከልኩ በላይ ሊያሰፋው ይችላልና። ዘንጉ በቦኮላዋ ውስጥ ዘይት ይዞ እንዲዞር በመካከላቸው ከ0.02 እስከ 0.06 ሚሊሜትር የሚያህል ክፍተት ያስፈልጋል። የሰው ጠጉር ውፍረት አብዛኛውን ጊዜ ከ0.05 እስከ 0.1 ሚሊሜትር መሆኑን ያሰበ ሰው ክፍተቱ ምን ያህል ጠባብ እንደ ሆነ ይረዳል። ክፍተቱ ከዚህ ቢጠብ ዘንጉ ይግልና ይነክሳል፤ ቢሰፋ ዘንጉ እየተንቀጠቀጠ ቦኮላዋን በጥቂት ጊዜ ውስጥ ይበላታል።

ነገሩ በዚህም አያበቃም። ቦኮላዋ በቤቷ ውስጥ እንድትጸና ከውጭ በኩል ከቤቷ ጥቂት ወፈር ተደርጋ ትሠራና በግፊት ትገባለች። በግፊት ስትገባ ግን ቀዳዳዋ በጥቂቱ ይጠባል። ይህን ያላወቀ ጀማሪ ልኩን ጠብቆ የሠራው ዕቃ ዘንጉን አልቀበል ሲለው ይደነግጣል፤ ያወቀ ሰው ግን የጥበቱን ያህል አስቀድሞ ያስብለታል፣ ወይም የመጨረሻውን ማለስለስ ከገባች በኋላ ያደርገዋል። የቤት ብረት ሥራ ሰውን የሚያስተምረው ይህንን ነው። ከመቶ አንድ ሚሊሜትር ክብር እንዳለው፣ «ይበቃል» እና «ልክ ነው» የሚባሉት ቃላት አንድ እንዳልሆኑ በእጅ ያስይዛል።

ነገር ግን ልክን የተማረው እጅ ስም የሌለው ብረት ሲሰጠው ዕውቀቱ ከንቱ ይሆናል። የመጀመሪያው እንቅፋት ያለው እዚህ ላይ ነው። ሠራተኛው ወደ ብረት መደብር ሄዶ ክብ ብረት ሲጠይቅ በቅርብ የሚያገኘው ለቤት መሥሪያ የተዘጋጀው ፌሮ ነው። ፌሮ ለሲሚንቶ ሥራ የተሠራ ነው፤ ለዚያ ሥራው የተመሰገነ ነው። በቶርኖ ላይ ሲወጣ ግን በአንድ በኩል ልል፣ በሌላ በኩል ደረቅ ሆኖ ሊገኝ ይችላል፤ ገጹም ጕርብጥብጥ ስለ ሆነ ስለቱን ይመታዋል፤ የተላጨው ፊቱም እንደ ተቀደደ ጨርቅ ሸካራ ይሆናል። ለቶርኖ ተብሎ የሚዘጋጅ ለስላሳ ብረት በዓለም ገበያ አለ። በውስጡ ጥቂት ድኝ፣ አንዳንዴም ጥቂት እርሳስ ስለሚጨመርበት ስለቱ ሲነካው ፍቅፋቂው እየተቈራረጠ ይወድቃል፤ ፊቱም ይለሰልሳል። የዚህ ዐይነቱ ብረት ዋጋ ከተራው ብረት ከፍ ቢልም በጊዜና በስለት የሚያድነው ይበልጣል። በአንጻሩ ይኸው ብረት ለብየዳ አይመችም፤ ስለዚህ ለበያጅ መሸጥ የለበትም። ሁለቱን ብረቶች በአንድ ክምር ቀላቅሎ «ብረት ነው» ብሎ የሚሸጥ መደብር ሁለቱንም ደንበኞች ይበድላል። ለዚህ የሚያስፈልገው መድኃኒት በጫፉ ላይ የሚቀባ አንድ ጣት ቀለምና በግድግዳ ላይ የሚለጠፍ የቀለም ዝርዝር ብቻ ነው።

ሁለተኛው እንቅፋት ርዝመቱ ነው። ክብ ብረት በተለመደው 6 ሜትር ሆኖ ይመጣል። ውፍረቱ 20 ሚሊሜትር የሆነ አረብ ብረት በሜትር 2.5 ኪሎ ግራም ግድም ይመዝናል፤ ሙሉው ዘንግ 15 ኪሎ ግራም ያህል ነው ማለት ነው። አንድ ፒን ለመሥራት 10 ሴንቲሜትር የሚበቃው ሰው 6 ሜትሩን ግዛ ሲባል ወይ ትቶ ይሄዳል፣ ወይም ከወደቀ ብረት መካከል የማያውቀውን ቍራጭ ያነሣል። ነሐስ ሲሆን ዋጋው ከፍ ስለሚል ጭንቀቱ የዚያኑ ያህል ይጨምራል።

እስቲ ባለመደብሩ ሒሳቡን ይመልከተው። 6 ሜትሩ በ30 ሴንቲሜትር ቢቈረጥና መጋዙ በእያንዳንዱ ቍርጥ 2 ሚሊሜትር ቢበላ፣ 19 ሙሉ ቍራጮችና 26 ሴንቲሜትር ያህል የሆነ አንድ አጭር ቍራጭ ይገኛሉ። በመጋዝ የጠፋው ከ4 ሴንቲሜትር አይበልጥም። ለቍርጡ ድካም በእያንዳንዱ ላይ ተገቢውን ጭማሪ ቢያደርግ ገዢው አይቀየምም፤ የሚያስፈልገውን ብቻ ገዝቶ ስለሚሄድ ከሙሉው ዋጋ ጋራ ሲያነጻጽረው አመስግኖ ይከፍላል። ጨርቅ ሻጭ ጣቃውን ሙሉ ካልገዛችሁ አልሸጥም ቢል ማን ይስቅለታል? ቅቤና ስኳር በኪሎና በግማሽ ኪሎ ሲሸጡ ብረት ብቻ በሙሉ ዘንግ የሚሸጥበት ምክንያት ልማድ እንጂ ሌላ አይደለም።

ሦስተኛው እንቅፋት የብሎን ጥርስ ነው። ይህ ነገር ታሪክ አለው። ቀድሞ በእንግሊዝ አገር እያንዳንዱ የብረት ሥራ ቤት በራሱ ልክ ጥርስ ያወጣ ስለ ነበር የአንዱ ብሎን በሌላው ዳዶ አይገባም ነበር። ጆሴፍ ዊትወርዝ በ1841 አንድ ወጥ የጥርስ ሥርዓት አቀረበ፤ የጥርሱም ማዕዘን 55 ዲግሪ ነበረ። በ1864 ደግሞ በፊላደልፊያ ከተማ ዊልያም ሴለርስ የተባለው አሜሪካዊ 60 ዲግሪ የሆነውን ሥርዓት አቀረበ። ዛሬ በብዙው ዓለም የሚሠራበት የሜትር ሥርዓትም ማዕዘኑ 60 ዲግሪ ሲሆን ልኩ ግን በሚሊሜትር ነው። በዚህ ሥርዓት 6 ሚሊሜትር ውፍረት ያለው ተራ ብሎን ከጥርስ እስከ ጥርስ 1 ሚሊሜትር፣ ባለ 8ቱ 1.25፣ ባለ 10ሩ 1.5 ሚሊሜትር ርቀት አለው።

ይህ ሁሉ ለባለሱቅ ምን ያደርግለታል ቢባል መልሱ በሣጥኑ ውስጥ ይገኛል። ግማሽ ኢንች የሆነ የዊትወርዝ ብሎን በአንድ ኢንች ርዝመት 12 ጥርሶች አሉት፤ ግማሽ ኢንች የሆነው ተራው የአሜሪካ ብሎን ግን 13 ጥርሶች አሉት። ሁለቱ በዐይን ሲታዩ መንትያ ናቸው። አንዱ በሌላው ዳዶ ላይ አንድ ሁለት ዙር ይገባና ይነክሳል፤ ገዢውም ዝጎ ነው ብሎ በረጅም ቍልፍ ሲያስጨንቀው ብሎኑንም ዳዶውንም ያበላሻል። ሩብ ኢንች የሆኑት ደግሞ ሁለቱም 20 ጥርሶች ስላሏቸው ይገባባሉ፤ ማዕዘናቸው ግን ስለሚለያይ ጥርስ ከጥርስ ጋራ በሙሉ ፊቱ አይገናኝም። የብሎን ሱቅ ያለው ሰው በጥቂት ገንዘብ የሚገኘውን የጥርስ መለኪያ ገዝቶ ብሎኖቹን በየወገናቸው ቢለያቸውና በሣጥኑ ላይ ልካቸውን ቢጽፍ፣ ከቤት ሠራተኛው ሌላ ጋራዡም ገበሬውም ያመሰግኑታል።

አራተኛው እንቅፋት በአስመጪው በኩል ያለው የትእዛዝ ጥንቃቄ ማነስ ነው። ከላይ የተነገረችው ትንሿ ቶርኖ ለአሜሪካ ገበያ ስትሠራ የመብራት ኀይሏ ለ110 ቮልት፣ ልክ መቍጠሪያዋም በኢንች ሊሆን ይችላል። በኢትዮጵያ ያለው መብራት 220 ቮልት ነው፤ ሥራውም በሚሊሜትር ነው። በርካሽ ተገኘ ተብሎ ያለ ጥያቄ የታዘዘ ዕቃ ሲመጣ፣ ባለ 110 ቮልቱ ሞተር ሲሰካ ይቃጠላል፤ መቍጠሪያዋ በኢንች የሆነችውን የገዛ ሰው ደግሞ በእያንዳንዱ እርምጃ በ25.4 ሲያባዛና ሲያካፍል ይውላል። ኢንች በትክክል 25.4 ሚሊሜትር እንዲሆን እንግሊዝኛ ተናጋሪ አገሮች የተስማሙት በ1959 ነው፤ ነገር ግን ስምምነቱ የሒሳቡን ድካም አላስቀረለትም። የብሎን ጥርስ የሚያወጣው ረጅም ጠመዝማዛ ዘንግም በአንዱ ዐይነት 1.5 ሚሊሜትር፣ በሌላው ዐይነት በኢንች 16 ጥርስ ስለ ሆነ፣ በኢንች የተሠራችው መሣሪያ ትክክለኛ የሜትር ጥርስ እንድታወጣ ባለ 127 ጥርስ ማርሽ ወይም ወደዚያ የሚቀርብ ሌላ የማርሽ ስብስብ ያስፈልጋታል። ይህን ሁሉ ገዢው ከገዛ በኋላ እንዲያውቀው ከማድረግ፣ አስመጪው በትእዛዙ ወረቀት ላይ «220 ቮልት፣ መቍጠሪያው በሚሊሜትር» ብሎ ሁለት ቃል ቢጽፍ ይሻላል።

በእነዚህ ትንንሽ ቶርኖዎች ውስጥ ያሉት አንዳንድ ማርሾች ፕላስቲክ ናቸው። ስለቱ ሲነክስ ማርሹ ተሰብሮ ሌላውን አካል ያድናል፤ ስለዚህ መሰበሩ ነውር አይደለም። ነውሩ መለወጫው ሳይገኝ ሲቀር ነው። ዐሥር ቶርኖ ያስመጣ ነጋዴ ዐሥር ሙሉ የማርሽ ስብስብ አብሮ ቢያስመጣ ክብደቱ ከአንድ ሻንጣ አይበልጥም። መሣሪያዎቹም ከፋብሪካ ሲወጡ ለዝገት መከላከያ በወፍራም ግራሶ ተለውሰው፣ ብሎኖቻቸውም በሚገባ ሳይጠብቁ ሊመጡ ይችላሉ። ልምድ ያላቸው ሰዎች ቶርኖዋን እንደ ገዙ ፈትተው፣ አጥበው፣ ተንሸራታቹን ክፍል አስተካክለው ይገጥሟታል። ባለሱቁ ይህን ሥራ ራሱ ሠርቶ ቢያስረክብና ለድካሙ ቢያስከፍል፣ ከሣጥን አውጥቶ ከሚሸጠው ጎረቤቱ ይልቅ ስሙ ይታመናል።

ስለ ስለትም ጥቂት ማለት ያሻል። ወርቅ የመሰለ ቀለም የተቀባ ፑንታ ሁሉ ጽኑ ነው ማለት አይደለም፤ ቀለሙ ከሥሩ ያለውን ልል ብረት አይለውጠውም። ለትልልቅ ቶርኖ የሚሠራው ካርባይድ የተባለው ስለትም ብዙ ኀይልና ጽኑ አካል ላለው መሣሪያ የታሰበ ነው። ለትንሿ ቶርኖ ብዙ ጊዜ የሚስማማት በሞላ ድንጋይ ሊሳል የሚችለው «ሃይ ስፒድ» የተባለው አረብ ብረት ነው። በዚህ ስለት 20 ሚሊሜትር ውፍረት ያለው ለስላሳ ብረት ሲላጭ በደቂቃ 25 ሜትር ያህል ፍጥነት ይበቃል፤ ይህም በደቂቃ 400 ዙር ግድም ነው። ይህን ሒሳብ በአንድ ወረቀት አሳትሞ ከስለቱ ጋራ የሚሰጥ ሻጭ ስለቱ ተቃጠለ ብሎ የሚመለስበት ሰው ያንስለታል።

በዚህ አሳብ ላይ የሚነሡ ተቃውሞዎች አሉ። የመጀመሪያው «ገዢው ጥቂት ነው፤ ካፒታል ለምን ይታሰራል?» የሚለው ነው። ተቃውሞው ከእውነት የራቀ አይደለም። ዛሬ በአንድ ከተማ ያሉት የቤት ብረት ሠራተኞች ምናልባት በጣት የሚቈጠሩ ይሆናሉ። ነገር ግን አጭር ብረት፣ ስም ያለው ነሐስ፣ የተለየ ብሎንና ትክክለኛ መለኪያ የሚፈልጉት እነርሱ ብቻ አይደሉም። ጋራዡ፣ የቡና መፈልፈያ ያለው ላኪ፣ የዘይት መጭመቂያ ያለው፣ ዳቦ ቤቱ፣ የልብስ ስፌት መኪና ጠጋኙ ሁሉ ያንኑ ይፈልጋሉ። መከሩ በደረሰ ጊዜ መፈልፈያው በአንዲት ፒን ምክንያት የቆመበት ቡና ላኪ፣ ፒኗን በዚያው ቀን የሚያወጣለት ሰው በሰፈሩ መኖሩ ከብዙ ኪሳራ ያድነዋል። ካፒታል ይታሰራል ለሚለውም፣ ብረት እንደ እህል የሚነቅዝ አይደለም፤ ከዝናብና ከዝገት እስከ ተጠበቀ ድረስ ይቈያል።

ሁለተኛው ተቃውሞ ከመለዋወጫ ነጋዴዎች በኩል የሚመጣ ነው፤ «በየቤቱ ዕቃ ከተሠራ የእኛ ዕቃ ማን ይገዛዋል?» ይላሉ። ይህም ስጋት በንቀት የሚታለፍ አይደለም። ይሁን እንጂ በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ዋጋ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ በኋላ፣ 57 ብር ግድም የነበረው የአንድ ዶላር ዋጋ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር ማለፉን ነጋዴ ሁሉ ያስታውሰዋል። በዶላር የሚገዛ መለዋወጫ በብር ሲታሰብ የብዙ ደንበኛ አቅም የማይችለው ሆነ። አቅሙ ያልቻለ ደንበኛ መሣሪያውን አቁሞ ይቀመጣል፤ የቆመ መሣሪያ ደግሞ ዘይትም፣ ኩሽኔታም፣ ቺንጋም አይገዛም። ትንሿ ቦኮላ በአገር ውስጥ ተሠርታ መሣሪያው ቢንቀሳቀስ የመለዋወጫ ነጋዴው በአንዱ ያጣውን በሌሎቹ ያገኘዋል። ከዚህም በላይ ውድ የሆነው ምንዛሪ ቀላል ለሆነው ዕቃ ከሚውል፣ በአገር ውስጥ ሊሠሩ ለማይችሉት ለኩሽኔታና ለመርፌ ፓምፕ ቢውል ለሁሉም ይበጃል።

ሦስተኛው ተቃውሞ ግን ከሁሉ ይከብዳል፤ እርሱም የደኅንነት ጉዳይ ነው። የቤት ሠራተኛ ሁሉን ዕቃ መሥራት የለበትም። የመኪና ፍሬን፣ የመሪ መገጣጠሚያ፣ የግፊት ጋን፣ ሰው የሚያነሣ መሣሪያ ክፍል፣ እነዚህ የብረታቸው ዐይነት በምርመራ የታወቀ፣ የእሳት አገባባቸውም የተመዘነ መሆን አለበት። በዐይን ያማረና በልኩ የተሠራ የመሪ ፒን ብረቱ የማይገባው ዐይነት ከሆነ በመንገድ ላይ ሰው ይገድላል። ስለዚህ ሠራተኛው «ይህን አልሠራም» ማለትን መልመድ አለበት፤ ብረቱን የሚሸጥለት ነጋዴም ስሙን ያላወቀውን ብረት ዐውቀዋለሁ ብሎ መሸጥ የለበትም። የሠራተኛው የራሱ ደኅንነትም እንዲሁ ነው። የማንድሪኖ ቍልፍ በቦታው ተረስቶ ቶርኖው ሲነሣ ቍልፉ እንደ ጥይት ይወረወራል፤ ረጅም እጅጌ፣ ነጠላ፣ የጣት ቀለበትና ጓንት በሚዞር ብረት ዘንድ አደጋ ናቸው፤ የዐይን መነጽር ሳያደርግ የሚሠራም ዐይኑን በዕጣ ላይ ያስቀምጣል። ቶርኖ የሚሸጥ ሰው መነጽሩን አብሮ ቢሰጥ ከትርፉ የሚቀነስበት ጥቂት ነው፤ ደንበኛውንም ያቈይለታል።

በመጨረሻም ከገንዘብ ሒሳብ ውጪ የሆነ አንድ ነገር አለ። በአገራችን ብረት የሚሠራ ሰው ለብዙ ዘመን «ቀጥቃጭ» እየተባለ ሲናቅ ኖሯል። የሚያርስበትን ማረሻ፣ የሚያጭድበትን ማጭድ ከእጁ የሚቀበለው ሰው ራሱ በገበያ ላይ ይሸሸው ነበር። ዐፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ግድም ባወጡት ዐዋጅ ሠራተኛን በሥራው ምክንያት መስደብን ከልክለዋል። ዐዋጅ ስድብን ሊከለክል ይችላል፤ ክብርን ግን የሚያመጣው ሥራው ራሱ በሰው ዐይን ፊት ሲታይ ነው። መምህሩ ወይም የመሥሪያ ቤት ጸሐፊው ከሥራ ሲመለስ ሽርጡን አሸርጦ፣ ልጁን አጠገቡ አቁሞ፣ ከመቶ አንድ ሚሊሜትር ሲለካ ቢታይ፣ ያ ልጅ የብረት ሥራን የተናቀ ሥራ አድርጎ አያድግም። ከተግባረ እድና ከሌሎች የሙያ ትምህርት ቤቶች የሚወጡ ወጣቶችም በትምህርት ቤት የነኩትን ቶርኖ በቤታቸው ማግኘት ቢችሉ እጃቸው አይረሳም። «ከመጠምጠም መማር ይቅደም» እንደሚባለው፣ ስለ ኢንዱስትሪ ብዙ ከመናገር አስቀድሞ ልክ የሚያውቅ እጅ ማብዛት ይገባል።

ከነጋዴው የሚጠየቀው ምጽዋት አይደለም፤ ንግድ ነው። ብረት ሻጩ ዘንጉን ይቍረጥ፣ ስሙንም በቀለም ያመልክት፤ ብሎን ሻጩ ኢንቹን ከሚሊሜትሩ ይለይ፤ አስመጪው ቮልቱንና መቍጠሪያውን በትእዛዙ ላይ ይጻፍ፣ ከቶርኖዋም ጋራ ማርሽና ስለት ያስመጣ፤ ሻጩ መሣሪያው የሚችለውንና የማይችለውን ሳይደብቅ ይንገር። ከእነዚህ ሁሉ አንዱም አዲስ ሕግ ወይም የመንግሥት በጀት የሚጠብቅ ሥራ አይደለም። በመደብሩ በር ላይ የሚቀመጥ አንድ የብረት መጋዝና አንድ ጣሳ ቀለም ይበቃል። በሩቅ ከተማ ያለው ወፍጮም፣ ቦኮላው ባለቀ ማግሥት፣ እንደ ገና ዱቄቱን ያወርዳል።